ናራን ከመቅደሱ ጀምሩ፦ ካሱጋ ታይሻንና ከተማዋን በእግር ለማየት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

የጃፓኗ ናራ ከተማ ደርሶ የመጣ ሰው ፎቶ ሲያሳያችሁ የምታዩት አንድ ዓይነት ነው። አጋዘን ብስኩት ሲበላ፣ አጋዘን የሰው ሸሚዝ ሲጎትት፣ ከዚያ ትልቁ ቡድሃ፣ አለቀ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከኪዮቶ ይደርሳሉ፣ ይጋፋሉ፣ ምሳ ይበላሉ፣ 9 ሰዓት ላይ ተመልሰው ባቡር ውስጥ ናቸው። አጋዘኖቹ የማን እንደሆኑ፣ ከተማ መሐል ለምን እንደ ልባቸው እንደሚንጎራደዱ፣ ከኋላ ያለው ጫካ ለምን ሳይቆረጥ እንደቀረ ሳይገባቸው ይሄዳሉ። መልሱ ያለው ጫካው ሥር ነው፣ ካሱጋ ታይሻ የሚባለው የሺንቶ (የጃፓኖች ነባር ሃይማኖት) መቅደስ ጋ። ከባቡር ጣቢያው በእግር ግማሽ ሰዓት ስለሚርቅ ግን ብዙው ሰው መንገድ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ የኔ ምክር ግልብጥ ነው። መቅደሱን በጠዋት፣ ትልቁን ቡድሃ ረፋድ ላይ፣ ከተማውን ከሰዓት በኋላ። በዚህ ቅደም ተከተል ከሄዳችሁ ነገሩ ሁሉ ይያያዛል።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር። ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ጠዋት 1 ሰዓት ስል ስልካችሁ ላይ 7 የሚለውን ነው። ዓመቶቹ ደግሞ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

መጀመሪያ ታሪኩን ያዙ

ናራ ከ710 እስከ 784 የጃፓን ዋና ከተማ ነበረች። ያኔ ስሟ ሄይጆ-ኪዮ ነበር። ኪዮቶ ገና አልተቆረቆረችም፣ ቶኪዮማ ጭራሽ አትታሰብም። በዚያ ዘመን ቤተ መንግሥቱን ከጀርባ ሆኖ የሚዘውረው ፉጂዋራ የሚባለው ቤተሰብ ነበር፣ ካሱጋ ታይሻም የዚህ ቤተሰብ የጠባቂ አማልክት መቅደስ ሆኖ በ768 ተሠራ።

አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው። ታኬሚካዙቺ የሚባለው አምላክ ካሺማ ከሚባል ሩቅ አገር ተነሥቶ፣ በነጭ አጋዘን ላይ ተቀምጦ፣ ከመቅደሱ በላይ ያለው ሚካሳ ተራራ ላይ አረፈ። ከዚያ ወዲህ የናራ አጋዘን የአምላክ መልእክተኛ ነው። መግደል አይታሰብም፤ ድሮ አጋዘን የገደለ ሰው በሞት ይቀጣ እንደነበር ይነገራል። የናራ ሰው ማልዶ የሚነሣው ደጁ ላይ የሞተ አጋዘን መኖር አለመኖሩን ለማየት ነው የሚል ቀልድም አላቸው፤ ካለ ቶሎ ጎረቤት በር ላይ ለማሳለፍ ነው ነገሩ። ዛሬ ከ1,000 በላይ አጋዘን አለ። በ1957 የተፈጥሮ ቅርስ ተብለው ተመዝግበዋል። ባለቤት የላቸውም፣ የዱር እንስሳ ናቸው። ይሄን አትርሱ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጫካውም እንደዚሁ ነው። ተራራው የአምላክ ማረፊያ ስለሆነ በ841 አደንም ዛፍ መቁረጥም ተከለከለ። ከተማ አጠገብ፣ ከ1,100 ዓመት በላይ መጥረቢያ ያልገባበት ጫካ ማለት ነው። በ1998 መቅደሱም ጫካውም ከከተማዋ ሌሎች ጥንታዊ ቦታዎች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነዋል። የቤተ ክርስቲያን ደን የሚያውቅ የኛ አገር ሰው ይሄ ነገር ማስረጃ አያስፈልገውም፤ የተቀደሰ ቦታ ዛፉን እንደሚያስጥል ያውቀዋል።

ቪዛና መንገድ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዛችሁ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ገልፍ አገር ወይም ሌላ ቦታ መኖሪያ ፈቃድ ቢኖራችሁም የሚታየው ፓስፖርቱ ነው፣ ስለዚህ ባላችሁበት አገር ወዳለው የጃፓን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በጊዜ ሂዱ። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአብዛኛው አውሮፓ ፓስፖርት ያለው ለአጭር ጉብኝት ያለ ቪዛ ይገባል።

ከአዲስ አበባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል ቶኪዮ ናሪታ ድረስ ይበራል። ከቶኪዮ ኪዮቶ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ኦሳካ አጠገብ ያለው ካንሳይ አየር ማረፊያ ለምትወርዱ ደግሞ ቀጥታ ወደ ናራ የሚሄድ አውቶቡስ አለ።

ከኪዮቶ ወደ ናራ ሁለት የባቡር ድርጅት አለ፣ ጄአርና ኪንቴትሱ። እዚህ ላይ አትሳሳቱ። ሁለቱም ናራ የሚባል ጣቢያ አላቸው፣ ግን ጣቢያዎቹ የተለያዩ ናቸው። የኪንቴትሱ ናራ ጣቢያ ለፓርኩና ለመቅደሱ ይቀርባል፣ የጄአሩ በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ወደ ኋላ ነው። የጄአር ማለፊያ ቲኬት ከሌላችሁ ኪንቴትሱን ያዙ። ልዩ ፈጣኑ ተጨማሪ ይከፈልበታል፣ ወንበራችሁ የተያዘ ነው፣ 35 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ርካሹ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ምንም አይልም። ከኦሳካ ናምባ ጣቢያም የኪንቴትሱ ፈጣን ባቡር 40 ደቂቃ ገደማ ነው።

ኢኮካ ወይም ሱይካ የሚባለውን የሚሞላ ካርድ ግዙ፤ ባቡርም አውቶቡስም ሱቅም ይሠራል። ግን ጥሬ ገንዘብ፣ በተለይ ሳንቲም ያዙ። ለመቅደሱ መባ፣ ለብስኩት፣ ለትንንሽ ሱቆች ሳንቲም ነው የሚያስፈልገው።

ሻንጣ ይዛችሁ ከሆነ ጣቢያው ውስጥ በሳንቲም የሚከፈት ሎከር አለ፣ እዚያ ጣሉት። በጠጠር መንገድ ላይ ሻንጣ መጎተት ራሱ ቅጣት ነው፣ አጋዘኖቹም ዚፕ ዘንድ አፍንጫቸውን ማስገባት ይወዳሉ።

መቼ መሄድ ይሻላል?

የቼሪ አበባ የሚፈካው መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ መጀመሪያ በፈረንጅ ነው፣ ሰውም የዚያኑ ያህል ነው። ለመቅደሱ ግን የተሻለው ወቅት ከዚያ በኋላ ነው፣ በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት መጀመሪያ። ያኔ ዊስተሪያ የሚባለው ሐምራዊ የሐረግ አበባ እንደ ዘለላ ወደ ታች ይንጠለጠላል። የፉጂዋራ ቤተሰብ ምልክት ይሄው አበባ ነው፤ የመቅደሱ አገልጋይ ሴቶች ጸጉራቸው ላይ የሚሰኩት ጌጥም እሱው ነው። ችግሩ ሳምንቱ የጃፓኖች ረጅም የበዓል ዕረፍት ላይ ይወድቃል።

ሰኔ ዝናብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱና እርጥበቱ ያስጠላል። ኅዳር ቅጠሉ ይቀላል፣ ቆንጆ ነው። ጥርና የካቲት ይበርዳል ግን ሰው የለም፣ እኔን ብትጠይቁኝ ጃኬት ደርቦ ያኔ መሄድ ይሻላል።

መቅደሱ ያሉት ፋኖሶች በሙሉ የሚበሩባቸው ቀኖች አሉ፣ ማንቶሮ ይሉታል። የካቲት 3፣ እንደገና ነሐሴ 14 እና 15። ታኅሣሥ 17 ላይ የሚከበረው ኦን-ማትሱሪ ደግሞ ከ1136 ጀምሮ ያለ ትልቅ ክብረ በዓል ነው፤ አምላኩን በእኩለ ሌሊት በጨለማ አጅበው ያወርዱታል፣ ያኔ መብራትም ፎቶም ክልክል ነው። (ወሮቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ከአዲስ ዓመታቸው የመጀመሪያ ሦስት ቀኖች ግን ራቁ፣ አገሩ በሙሉ መቅደስ ለመሳለም ይወጣል።

ደረጃ 1፦ ከጣቢያው እስከ መጀመሪያው በር

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ኪንቴትሱ ናራ ብትደርሱ ጥሩ ነው። ይቻላል፣ ከኪዮቶ ማልዳችሁ ከተነሣችሁ። ይበልጥ የሚሻለው ግን ናራ ማደር ነው፣ ሆቴሉም ብዙ ጊዜ ከኪዮቶ ይረክሳል።

ከጣቢያው ስትወጡ ጊዮኪ የሚባለው መነኩሴ ሐውልት የቆመበት ፏፏቴ አለ፣ የናራ ሰው የሚቀጣጠረው እዚያ ነው። አጠገቡ ጣሪያ ያለው የሱቅ ጎዳና ይጀምራል፣ ሂጋሺሙኪ ይባላል። እሱን ይዛችሁ ውረዱ፣ ሳንጆ የሚባለው መንገድ ላይ ያወጣችኋል። ወደ ግራ፣ ወደ ምሥራቅ ታጠፉ። ዳገቷን ስትወጡ በቀኝ ሳሩሳዋ ኩሬ፣ በግራ የኮፉኩጂ ገዳም። አሁን አትቁሙ፣ ከሰዓት በኋላ ትመለሱበታላችሁ። ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ ትልቅ ቀይ የእንጨት በር ታያላችሁ።

ይሄ የመጀመሪያው ቶሪ ነው። ቶሪ ማለት መዝጊያ የሌለው የመቅደስ በር ነው፣ ሁለት ምሰሶና ከላይ አግዳሚ። ከሱ ወዲህ ከተማ፣ ከሱ ወዲያ የአምላክ ግቢ። ጃፓኖች ከመግባታቸው በፊት ቆም ብለው አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። መንገዱን ጠርዝ ጠርዙን ይሄዳሉ፣ መሐሉ የአምላክ ነው ይላሉ። እናንተም ጠርዙን ያዙ፣ ምንም አይጎድልባችሁም።

ደረጃ 2፦ የፋኖሶቹ መንገድ

ከመጀመሪያው ቶሪ እስከ ሁለተኛው ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አውቶቡስ አለ፣ መቅደሱ ደጃፍ ድረስ ያደርሳል። ጉልበት ካላመማችሁ በቀር አትሳፈሩ። የዚህ መቅደስ ግማሹ መንገዱ ነው።

መጀመሪያ ሜዳ ነው፣ አጋዘን ሣር ይግጣል። ቀስ በቀስ ዛፉ ይጠጋል፣ ከዚያ የድንጋይ ፋኖስ ብቅ ይላል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ተደርድሮ መቁጠር ያስታችኋል። በጠቅላላው 3,000 ገደማ ፋኖስ አለ፣ 2,000 ያህሉ ድንጋይ፣ 1,000 ያህሉ ውስጥ የተንጠለጠለ ነሐስ። ሁሉም የሰው ስጦታ ነው። ነጋዴ ለንግዱ፣ እናት ለልጇ፣ የጦር አበጋዝ ለድሉ የሰጠው። ከ800 ዓመት በላይ ሲጠራቀም የኖረ ስእለት ነው።

አንዱን መርጣችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። ጣሪያው ላይ የድንጋይ ሽበት ወፍራም ሆኖ ተጋግሮበታል፣ ከላዩ ትንንሽ ችግኝ የበቀለበትም አለ። መብራቱ የሚቀመጥበት ሣጥን አንዱ ጎን ላይ አጋዘን ተቀርጿል፤ ክፍት በሆነው በኩል ከእንጨት ፍሬም ጋር ነጭ ወረቀት ተለጥፎበታል። ግንዱ ላይ የሰጪው ስምና ዓመት አለ። አንዳንዱ ፊደሉ ተበልቶ ጣት ካልዳሰሰው አይታወቅም። አጋዘኖቹ በፋኖሶቹ መሐል አንገታቸውን አውጥተው ያዩአችኋል፣ ያ ፎቶ ነው ማንሣት ያለባችሁ፣ የብስኩቱ አይደለም።

ብዙዎቹ ላይ የተጻፈው የመቅደሱ ስም ነው። ጥቂቶቹ ላይ ግን የአምላኩ የማዕረግ ስም ነው ያለው፣ ከነዚህ ሦስቱን በአንድ ሌሊት ያገኘ ሰው ባለጸጋ ይሆናል ይባላል። ጃፓንኛ ለማታነቡ የማይሆን ሎተሪ ነው።

ደረጃ 3፦ መታጠብና መግባት

ሁለተኛው ቶሪ እንዳለፋችሁ በግራ በኩል የመታጠቢያ ቦታ አለ። የተኛ አጋዘን ሐውልት አፉ ላይ ከያዘው ጥቅልል ውኃ ያፈሳል። ሥርዓቱ ይሄ ነው። ጭልፋ ካለ በቀኝ እጅ ቀድታችሁ ግራውን ታጠቡ፣ አቀያይራችሁ ቀኙን። ከዚያ ግራ መዳፋችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ አፋችሁን ተጉመጥመጡ፣ ጭልፋውን በአፍ አትንኩ፣ ውኃውን አትዋጡ፣ ጎን ላይ ትፉት። በመጨረሻ ጭልፋውን ቀጥ አድርጋችሁ የቀረው ውኃ እጀታውን አጥቦ እንዲወርድ ማድረግ ነው። ጭልፋ ከሌለ በሚወርደው ውኃ እጃችሁን ብቻ ታጠቡ።

ከዚያ በደቡብ በር ትገባላችሁ። ቀዩ ቀለም እዚህ ይጀምራል። ጨለማ ከሆነው ጫካ በኋላ ዓይን ይወጋል፣ በደግ።

ጸሎታቸው ሁለቴ ለጥ ብሎ መስገድ፣ ሁለቴ ማጨብጨብ፣ እንደገና አንዴ መስገድ ነው። ከዚያ በፊት ሳንቲም ሣጥኑ ውስጥ ይጣላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሐበሻ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ሙስሊም ነኝ፣ መግባት ነውር አይደለም ወይ?» እነሱ በኩል ነውር የለም። ማንም አያስገድዳችሁም፣ ማንም ሃይማኖታችሁን አይጠይቅም። ሳትሰግዱ፣ ሳታጨበጭቡ፣ ኮፍያ አውልቃችሁ ጸጥ ብላችሁ ቆማችሁ ማየት ሙሉ በሙሉ ይፈቀዳል። በናንተ በኩል ያለው የኅሊናችሁ ነገር ነው። እኔ የማልወደው ሳያምኑ ለቪዲዮ ብለው የሚያጨበጭቡትን ነው። የሰው ጸሎት ነው፣ ቲክቶክ አይደለም።

ደረጃ 4፦ ውስጠኛው ግቢ

መቅደሱ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ከ1 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፣ ይሄ በነጻ ነው። ውስጠኛው ግቢ ግን የሚከፈልበት ሲሆን ከ3 ሰዓት እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት ነው። ዋጋው ጥቂት መቶ የን ነው። ክፈሉ። እዚህ ደርሶ ለዚህች ብር መሰሰት ሞኝነት ነው።

ዋናዎቹ አራት ትንንሽ ቤቶች፣ አማልክቱ ያሉባቸው፣ ከመካከለኛው በር ጀርባ ናቸው፣ በሩ ድረስ ነው መቅረብ የሚቻለው። ለጃፓኖች የማይታየው ነው ቅዱሱ፤ መጋረጃ ጀርባ ያለ ቅድስት ለኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ቤቶቹ በ20 ዓመት አንዴ ይታደሳሉ፣ የመጨረሻው በ2015 እና በ2016 ሲሆን 60ኛው ጊዜ ነበር።

በሩ አጠገብ ያለው ግዙፍ ጥድ ዕድሜው ከ800 እስከ 1,000 ዓመት ይገመታል። ከሥሩ ሌላ ዛፍ ጋደል ብሎ በቅሎ አጠገቡ ያለውን ሕንፃ ጣሪያ በስቶ ወጥቷል። ዛፉን አልቆረጡትም። ጣሪያውን ቀድደው አሳለፉት። ቀና ብላችሁ እዩት፣ ብዙ ሰው ሳያየው ነው የሚያልፈው።

ከዚያ መተላለፊያው ነው። የነሐስ ፋኖሶቹ በቀይ ምሰሶዎች መሐል ትከሻ ለትከሻ ተንጠልጥለዋል፣ አንዳንዱ ወርቃማ፣ አንዳንዱ ወደ አረንጓዴ የሻገተ። እንደ አምስተኛው ሾጉን ቶኩጋዋ ሱናዮሺ ያሉ ገዥዎች የሰጧቸው አሉበት። ጎናቸው ላይ የተበሳውን ቅርጽ እዩ፦ አጋዘን፣ ዊስተሪያ፣ ፊደል። መጨረሻ ላይ ፉጂናሚ-ኖ-ያ የሚባል ትንሽ ቤት አለ፣ ድሮ የካህናቱ መቆያ የነበረ። መስኮቱ ተሸፍኖ ጨልሟል፣ ፋኖሶቹ በርተዋል፣ ግድግዳው ላይ መስታወት አለ። ማንቶሮን ላላየ ሰው እንዲቀምስ ብለው ነው ያዘጋጁት። ዓይናችሁ እስኪለምድ ጠብቁ እንጂ ገብታችሁ አትውጡ።

መውጫው ላይ ክታብ ይሸጣል። ከእንጨት የተቀረጸች፣ ዕጣ የተጻፈበት ወረቀት በአፏ የያዘች ትንሽ አጋዘንም አለች፣ ለስጦታ ከቁልፍ ማንጠልጠያ ትሻላለች። ፎቶ ማንሣት የተከለከለበት ቦታ ምልክት አለው፣ አክብሩት።

ጊዜ ካላችሁ በስተደቡብ ዋካሚያ ወደሚባለው ትንሽ መቅደስ ሂዱ፣ አምስት ደቂቃ ነው። ኦን-ማትሱሪ የሚከበርለት እሱ ነው። አጠገቡ ባልና ሚስት አማልክት ያሉበት ሌላ መቅደስ አለ፤ ፍቅረኞች ልመናቸውን የልብ ቅርጽ ባለው እንጨት ላይ ጽፈው ይሰቅላሉ።

ደረጃ 5፦ ስለ አጋዘኖቹ፣ በቁም ነገር

ብስኩቱ ሺካ-ሴምቤ ይባላል፣ ከስንዴ ዱቄትና ከሩዝ ፉርሽካ ነው የሚሠራው፣ ስኳር የለውም። ፓርኩ ውስጥ ከሚሸጡት እናቶች ግዙ፣ ከገንዘቡ ለአጋዘኖቹ ጥበቃ የሚውል አለ። ሌላ ምንም አትስጡ። ዳቦ፣ ቺፕስ፣ ሙዝ፣ ምንም። በ2019 ከሞቱት አጋዘኖች ሆድ ውስጥ ላስቲክ ተገኝቷል፣ ከአንዱ ብቻ ከ4 ኪሎ በላይ። ፓርኩ ውስጥ የቆሻሻ መጣያ እንደ ልብ የማታዩት ለዚህ ነው። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አዎ፣ አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ብስኩቱን ከፍ ስታደርጉ ይሰግዳሉ። ያኔ ወዲያው ስጡ። ለቪዲዮ ብላችሁ አሥር ጊዜ ካሰገዳችሁት ይበሳጭና ይነክሳል ወይም በግንባሩ ይገፋል፣ የሚገፋው ደግሞ ከኋላ ነው። ብስኩቱ ሲያልቅ ሁለት እጃችሁን ዘርግታችሁ ባዶ መሆኑን አሳዩ፣ ይገባቸዋል። ካርታ፣ ቲኬት፣ ፓስፖርት፣ ወረቀት የሆነ ነገር ሁሉ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ይበሉታል፣ ቀልድ አይደለም።

በሁለት ወቅት ተጠንቀቁ። መስከረምና ጥቅምት፣ ኅዳርም ጭምር ወንዶቹ ሴት የሚፈልጉበት ጊዜ ነው፣ ቁጡ ናቸው። በዚህ ምክንያት በጥቅምት የወንዶቹን ቀንድ በሥርዓት ይቆርጣሉ፣ ይሄ ከ1670ዎቹ ጀምሮ ያለ ልማድ ነው። ከግንቦት እስከ ሐምሌ ደግሞ እናቶቹ ግልገል አላቸው። ግልገል አትንኩ፣ ሕፃን ልጃችሁን አጠገቡ አታቁሙ።

ልጅ ይዛችሁ ከሆነ በጠዋት መቅደሱ አካባቢ ያሉትን አብሉ። ሰው ያልበዛበት፣ አጋዘኑም የተረጋጋ ነው። ትልቁ ቡድሃ ያለበት የቶዳይጂ ገዳም በር ላይ ያሉት ቱሪስት ያበላሻቸው ናቸው፣ ገና ብር ሳትከፍሉ ይከቧችኋል።

ደረጃ 6፦ ወደ ትልቁ ቡድሃ በጓሮ በኩል

ከመቅደሱ ወደ ሰሜን የሚሄደውን መንገድ ያዙ። በዋካኩሳ ተራራ ግርጌ ያልፋል፣ ሣር ብቻ የሆነ 342 ሜትር ኮረብታ ነው፣ በጥር መጨረሻ በእሳት የሚያነዱት። ሱቆቹን አልፋችሁ ታሙኬያማ ሃቺማን የሚባለውን መቅደስ፣ ከዚያ ኒጋትሱዶን ታገኛላችሁ። ኒጋትሱዶ ከፍታ ላይ የተሠራ፣ ሰገነት ያለው አዳራሽ ነው፣ መግቢያው በነጻ። ከሰገነቱ ናራ በሙሉ ይታያል። በመጋቢት 1 እስከ 14 እዚህ ሰገነት ላይ ትልልቅ ችቦ ይዘው የሚሮጡበት ሥርዓት ከ752 ጀምሮ ሳይቋረጥ ቀጥሏል።

ከዚያ ወደ ታች፣ ቶዳይጂ። አሁን የገባችሁት የቡድሃ ገዳም ነው እንጂ የሺንቶ መቅደስ አይደለም፣ ስለዚህ ማጨብጨብ የለም። የነሐሱ ቡድሃ 15 ሜትር ገደማ ነው። አፄ ሾሙ አሠራው፣ በ752 ዓይኑ በቀለም ተከፍቶ ተመረቀ፣ ቀለሙን የቀባው ቦዲሴና የሚባል ህንዳዊ መነኩሴ ነው። አዳራሹ በ1180 እና በ1567 በጦርነት ተቃጠለ። አሁን የምታዩት በ1709 የተጠናቀቀው ነው፣ ስፋቱ 57 ሜትር። የድሮው 86 ሜትር ገደማ ነበር፤ ይሄ ያነሰው ነው ማለት ነው!

ከአንዱ ምሰሶ ሥር የቡድሃውን አፍንጫ ቀዳዳ ያህላል የሚባል ቀዳዳ አለ፣ የሾለከበት ይባረካል ይላሉ። ስትወጡ በደቡቡ ትልቅ በር ውጡ፤ በሩ ውስጥ የቆሙት ሁለት የእንጨት ዘበኞች እያንዳንዳቸው ከ8 ሜትር በላይ ናቸው፣ ኡንኬይና ካይኬይ በ1203 በ69 ቀን ያቆሟቸው። የአንገታቸው ሥር ተገትሮ ይታያል።

ደረጃ 7፦ ምሳ፣ ጾመኛም ጾመኛ ያልሆነም

የናራ ምግብ ካኪኖሃ-ዙሺ ነው፣ በካኪ ፍሬ ዛፍ ቅጠል የተጠቀለለ ሱሺ። ባሕር ሩቅ ስለነበረ ዓሣውን በጨውና በቅጠል ያቆዩት ነበር። ቅጠሉ አይበላም።

ጾም ላይ ለሆናችሁ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባና ኑድል ሁሉ ማለት ይቻላል ዳሺ በሚባል የዓሣ መረቅ ነው የሚሠራው። ሥጋ የለውም ወይ ብትሉ «የለውም» ይሏችኋል፣ እውነታቸውን ነው፣ ዓሣን ሥጋ አይሉትም። ዓሣ የማትበሉ ከሆነ «ዳሺ አለው ወይ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ስልክ ላይ አስተርጉማችሁ አሳዩ። ጨርሶ የማያስጨንቀው ሞቺ ነው። ሳንጆ መንገድ ላይ ናካታኒዶ የሚባል ሱቅ አለ፣ ሁለት ሰዎች ሙቀጫ ከበው እየጮኹ በእንጨት መዶሻ የተቀቀለ ሩዝ ይወቅጣሉ፣ ፍጥነታቸው ያስደነግጣል። አረንጓዴ ሞቺ በጣፋጭ ባቄላ ተሞልቶ፣ የአኩሪ አተር ዱቄት ተነስንሶበት፣ ትኩሱን ይሰጧችኋል። ቆማችሁ እዚያው ብሉት፣ ሲቀዘቅዝ ወዙ ይጠፋል።

ደረጃ 8፦ ከሰዓት በኋላ ከተማ ውስጥ

ኮፉኩጂ የፉጂዋራዎቹ ገዳም ነው። መቅደሱም ገዳሙም የአንድ ቤተሰብ ስለነበሩ ለዘመናት አብረው ኖረዋል፣ መንግሥት በ1868 ሺንቶንና ቡድሂዝምን ሲለያይ ነው የተፋቱት። 50 ሜትር የሚሆነው ባለአምስት ደርብ ማማ ለዓመታት በሚቆይ ጥገና ላይ ስለሆነ ተሸፍኗል፣ ፖስትካርድ ላይ ያለውን ዓይነት ፎቶ አትጠብቁ። የቅርስ ሙዚየሙ ግን ክፍት ነው። ሦስት ፊትና ስድስት እጅ ያለው አሹራ የሚባለው ሐውልት እዚያ ነው ያለው፣ 734 ላይ የተሠራ። ፊቱ የተቆጣ አይደለም፣ የተጨነቀ ወጣት ነው የሚመስለው።

ከሳሩሳዋ ኩሬ ወደ ደቡብ ናራማቺ ነው፣ የድሮ ነጋዴዎች ሠፈር። ቤቶቹ ከፊት ጠባብ፣ ወደ ውስጥ ረጃጅም ናቸው፣ መስኮታቸው በእንጨት ፍርግርግ የተሠራ። በየደጁ የተንጠለጠሉት ቀይ የጨርቅ ኳስ የሚመስሉት ዝንጀሮዎች ናቸው፣ የቤተሰቡን መከራ በሱ ፈንታ እንዲቀበሉ። ጋንጎጂ የሚባለውን ገዳም ጣሪያ ከኋላ ዞራችሁ እዩት፣ ቀለሙ የተዘበራረቀው ክፍል ላይ ያሉት ሸክላዎች 1,400 ዓመት ገደማ ናቸው። ሱቅና ካፌው በጊዜ ይዘጋል፣ 11 ሰዓት ሲል መቆላለፍ ይጀምራሉ፣ ስለዚህ ከ9 ሰዓት በፊት እዚህ ድረሱ።

ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ ደረጃ 8ን ሙሉ በሙሉ ጣሉት። ከጣቢያው በአውቶቡስ መቅደሱ ደጃፍ ድረስ ውጡ፣ ውስጠኛውን ግቢ እዩ፣ በጓሮ በኩል ወደ ቶዳይጂ ተሻገሩ፣ ከዚያ ወደ ጣቢያው ቁልቁል ነው። የፋኖሶቹን ረጅም መንገድ ታጣላችሁ፣ ቢያንስ ግን ከአውቶቡሱ ወርዳችሁ በዚያው መንገድ ትንሽ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ተመለሱ።